ከአሊጋዝ ሰዓት ቤት

ለእንድሪስ ልጅ ብዬ ሽማግሌ ሆኜ፣
ሐይቅ ወርጄ ነበር ጋቢ ተከድኜ።
ገና «ልጃችሁን…» ስል፣ ቃሉ ሳይጨረስ፣
ከእጄ ላይ ጮኸ ያ ላስቲክ፦ «ጢጥ! ጢጥ! ተነስ!»
«ሰውየው ቸኩሏል» አሉ የልጅቷ አጎት፤
እጄን ከጋቢው ውስጥ ደበቅሁት በድንገት።

ጥፋቱ የሱ አይደል። ስሮጥ ነው የገዛሁት፣
በአዝዋ ገደል ዳገት ልቤን ያስቆጠርሁት፤
ስንት እርምጃ፣ ስንት ምት፣ ስንት ላብ እንዳለኝ
ያውቃል። መቀመጥን ግን ማን ይንገርልኝ?
ጉልበቴ ከከዳኝ ሦስት ክረምት ሆነ።

ሰኞ ገበያ ቀን፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ከአሊጋዝ ሰዓት ቤት ቆምሁኝ ከበሩ ደፍ።
ወርቅማውን አነሳሁ፤ ከበደኝ፤ ደስ አለኝ።
አጉሊውን ከዓይኑ ሳያወርድ «ተው» አለኝ፤
«ቅብ እኮ ነው ጌታው፣ ሁለት ክረምት አይዘልቅ፤
ሰዓት በዓይን አይደለም፣ በጆሮ ነው 'ሚታወቅ።»
ከመሳቢያው አወጣ አንዲት ነጭ ፊት፣ ቀጭን፣
ማሰሪያዋ ያልለመደ ገና የሰው እጅን።
ጆሮዬ ላይ ያዛት።
ጎተራ ውስጥ ያለች ነቀዝ ትመስላለች፣
ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ዕድሜ ትበላለች።

ዋጋዋን ስሰማ ዝም አልሁ። የወር ደሞዝ።
«ባትሪ የላትም» አለ፣ ሳቅ እያለ አሊጋዝ፤
«ጠዋት ጠዋት ሙላት፤ ከረሳሃት ትቆማለች።»

ያኛው ከስልኬ ጋር ሲማከር ነው 'ሚያድር፣
ጎህ ሲቀድ «ሰባት» ይል ነበር እንደ ሰው አገር።
ይችን ግን ጆሮዋን ይዤ ዘወር ሳደርጋት፣
ጦሳ ጫፍ ፀሐይ ሲያርፍ «አንድ» ሆነ የኛ ንጋት።

ላስቲኩን ለተማሪዬ ለዘምዘም ሰጠሁት፤
ዳገቱ ገና የሷ ነው።
ሐሙስ ሐይቅ ቀጠሮ አለን፤ እጅጌዬን ሰብስቤ
ቁጭ እላለሁ ከአጎትየው ፊት፣ ጋቢዬን ደርቤ።
ይምሽ።