አራት ሜትር

አፉላ ላይ፣ ሆስፒታሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣
የሽማግሌ ክፍል ይሉታል፤ እኔ እዚያ ነው የምሠራ።
ሥራዬ አንደበት ማዋስ ነው፣
ለሐኪሙ በዕብራይስጥ፣ ለታማሚው በአማርኛ፤
ቀኑን ሙሉ በሁለት ሰው መሐል የምውል መንገደኛ።

ዶክተር ኒዛር ቅጽ አወጣ፤
ከስንት ሺህ ሽማግሌ ተለቅሞ የመጣ፣
ማን እንደሚከርም ማን እንደማይከርም
በነጥብ የሚናገር።

"ዕድሜ?"
መታወቂያቸው ጃንዋሪ አንድ ይላል።
የወገኔ ሽማግሌ ግማሹ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው፣
የቸኮለ ጸሐፊ ነው ባንድ ሌሊት ያዋለደው።
አባ ዋሴ ግን፣ "አንበጣ ጤፉን ባጨደው ዓመት
የስድስት ወር ፅንስ ነበርሁ" አሉ።
ያን ዓመት የሚያህል ሣጥን ቅጹ ላይ አጣሁ።

"ዘንድሮ ወድቀዋል?"
"ወድቄስ ነበር፤ ተነሣሁ እንጂ።"
ኒዛር "አዎ" ላይ ጭረት አደረገ።
ለመነሣት ነጥብ የለውም።

"ክብደት ቀንሰዋል?"
ቀበቷቸውን አሳዩን፤ በሚስማር የተበሳ ሁለት አዲስ ቀዳዳ።
"ማን ያበስልልዎታል?"
ዝም አሉ። ያሹ ከሞተች ሦስተኛ ፋሲካዋ።
"ብቻቸውን ነው የሚኖሩት" ብዬ
ዝምታውን ተረጎምሁት።

ደማቸው ውስጥ አልቡሚን የሚሉት አንሷል።
የእጅ ጉልበት መለኪያውን ሰጠናቸው፤
"ሰላምታ የማይመልስ እጅ ምን ብዬ እጨብጣለሁ?" አሉ፣
ጨበጡት ግን። መርፌው አስራ አራት ላይ ቀረ።

ወለሉ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር፣ ከዚህ እስከዚያ አራት ሜትር።
ነርሷ ሰዓቷን ይዛ ቆመች።
"አባ፣ ጉልበት አለዎት?"
"ሁለት አለኝ፤ ሁለቱም ያሙኛል።"
ሄዱ።
መሐል ላይ የሊዮኒድ አልጋ አለ። ቆሙ።
እጁን ያዙት፣ "እግዜር ይማርህ" አሉት፤
እሱም በሩስኛ አንድ ነገር መለሰ፤
አስተርጓሚ የጠራ የለም።
ከዚያ የቀረችውን ጨረሱ። አስራ አንድ ሰከንድ።
ሊዮኒድ ጠዋት በአምስት ነበር የጨረሰው።

ነጥቡ ተደመረ። ኒዛር ድምፁን ዝቅ አድርጎ
"ሂስታብሩት" አለኝ፣ "ዓመት ለመክረም… ንገሪያቸው።"
አማርኛዬን እንደ ኪስ ገለበጥሁት፤
የወደቀልኝ አንድ ቃል ነው፦
"አባ፣ ዕድልዎ ጠባብ ነው ይላል።"
ሳቁ። "ዕድልማ የሰጪው ነው፤ ይኼ ልጅ ከየት አየው?
ደክሞታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤
እሱንም ለከርሞ ያድርሰው በይልኝ።"
አልሁለት።
ኒዛር እስክሪብቶውን ከደነ።

በሳምንቱ የሊዮኒድ አልጋ ተገፈፈ፤
አምስት ሰከንዱ ፋይል ውስጥ ተቀመጠ።
ቅጹ አልዋሸም። ኒዛርም ደግ ሰው ነው።
ቅጹ ስለ መቶ ሰው ያውቃል፣
ስለ አንዱ ሲጠየቅ ግን
እንደኔው ቃል ያጥረዋል።

አባ ዋሴ ወጥተው ቤታቸው ናቸው።
ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እደውላለሁ፤
ሥራዬ አይደለም፣ ደመወዝም የለው።
የቤት ስልካቸው መስኮቱ ሥር ነው፣
ከአልጋው አራት ሜትር ቢሆን ነው።

ይጠራል።
ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ።
ታች ጎዳና ላይ የሱፍ ፍሬ ቆዪው መዝጊያውን ያወርዳል።
አስር።
አስራ አንድ።
መንገድ ላይ ማንን ሰላም እያሉ ይሆን?
አስራ ሁለት።