የቀኙ እጅጌ

ቂርያት ጋት፣ ከደረጃው ሥር፣ ብስክሌት በሚቆምበት፣
አንዲት መኪና፣ አንድ አምፖል፣ ሌላው ሁሉ ጨርቅ ያለበት፣
እዚያ ነኝ እኔ።

ሐሙስ ማታ ጋሽ አስረስ መጣ፣ ሱፉን በላስቲክ ጠቅልሎ፣
ሕፃን እንዳይቀሰቅስ አባት፣ በክንዱ ላይ አደላድሎ።
«የቱ ጋ ተቀደደ?» አልኩት።
«አልተቀደደም» አለኝ።
«እና ምኑን ልጥቀመው?»
«እንዳይቀደድ አርጊልኝ።
ማክሰኞ ልጄን እድራለሁ። ከበሮ ሲመታ ታውቂኛለሽ፣
ትከሻዬ የእኔ አይደለም፤ ስንቴ አይተሻል፣ ስንቴ ስቀሻል።
ይሄ ሱፍ ቆሞ ለመጨባበጥ ነው የተሰፋ፣
እስክስታ አያውቅም፤ ብብቱ ከድቶኝ፣ በሰው ፊት አፍሬ እንዳልጠፋ።»

ከቤርሼባ ገበያ በመቶ ሼቄል የገዛው ነው።
ገለበጥኩት። ገበሩን በምላጭ ፈታሁ፤
ከውስጥ ኪሱ ሥር ምልክቱን አይቼ ቀረሁ።
የፋብሪካችን ስም።
በሩ ከታሸገ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ርግብ የሚሰፍርበት፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የቀኝ እጅጌ የገጠምኩበት።
የቀኝ ብቻ።
ግራውን የምትገጥመው ናኑሊ ነበረች፣ የጆርጂያዋ፣
ከጎኔ፣ ዝም ብላ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ።

የራሴን እጅ የማላውቅ መሰላችሁ?
በጥፍሬ ቆፈርኩት፦ መነሻው ላይ መልስ የለውም።
ሦስት ጥቅም ወደፊት፣ ሦስት ጥቅም ወደኋላ፣
ከዚያ ነው ስፌት የሚሄደው፤ ደንቡ ይህ ነው፣ የለም ሌላ።
እኔ መልሱን እሰርቅ ነበር። በቀን ሁለት መቶ እጅጌ፣
ደምሩት፤ ከዚያ ነው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማዕረጌ።
የሰው ብብት ጥቅም የእኔ ጥቅም ሆነ።

ግራውን ገለበጥኩ።
እዚያ ናኑሊ አለች። ሦስት ሄዳ፣ ሦስት ተመልሳ፣
ብብቱ ላይ ደርባ ደጋግማ፣ አንዲት ክር ሳትረሳ።
ሁልጊዜ ከኮታው በታች፣ ሁልጊዜ በአለቃው አፍ፤
ሰው ሲቀነስ የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች፣
መቀሷን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።
መቀሷ እኔ ጋ ነው። አሁንም ይቆርጣል።

መርፌ ቀየርኩ፣ አሥራ ስድስት ቁጥር፤ ክሩንም አወፈርኩ።
ስፌቱን ታክኬ የጥጥ ጥብጣብ ከውስጥ ደረብኩ።
መነሻው ላይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤
መድረሻው ላይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤
መኪናዋ ወፍራሙ ጋ ስትደርስ አቃሰተች፣
መዘውሯን በእጄ አዞርኩላት፣ አለፈች።
ሱፉን ሰፋሁት፤
የእኔው ቀዳዳ ነው የሰፋ።

«ስንት ነው?» አለኝ ዓርብ ጠዋት።
«የዚህን መልስ እኔ ነበርኩ ያለብኝ» ብለው አልገባው፤
«መልሱን ያዢው» ብሎ ሃምሳ ሼቄል መኪናዋ ላይ አኖረው።

ማክሰኞ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ከበሮው ግድግዳ ያናውጣል፤
ጋሽ አስረስ መሐል ገብቶ፣ አገሩ ሁሉ ያጨበጭባል፤
ሰው ትከሻውን ያያል፣
እኔ ብብቱን።

ቀኙ ሲነሣ ትንፋሼን ያዝኩ።
ግራው ሲነሣ
ዳቦዬን ቆረስኩ።