ሦስት ደቂቃ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሰዓት መጫን ብቻ፣
ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ ከመድረኩ ዳርቻ።
ተናጋሪው ሲቆም አረንጓዴ አበራለሁ፣
አንድ ደቂቃ ሲቀር ወደ ቢጫ እሄዳለሁ፣
ሲያልቅ ቀይ።
ከዚያ ወዲያ ቃል የለም፤
እንባም መንገድ ላይ ቢሆን ሰዓቱ አይቆምም።

የዛሬው አጀንዳ፦ ቁጥር ዐሥራ አራት።
የዱሉዝ ጎዳና፣ የድሮው ጫማ ቤት፣
ማሪዋና ይሸጥበት ወይስ አይሸጥበት?
ውጪ በረዶ ነው፤ ሐይቁ ጠርዙ ነጥቷል፤
አዳራሹ ሞልቷል፤ የእርጥብ ካፖርት ጠረን ግድግዳው ላይ ወጥቷል።

መጀመሪያ ሶልቬግ፣ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፤
እንቅልፍ ያላገኘ ፊቷ ሊፈርስ ሲደርስ።
«የሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከአያቷ ቦርሳ አንስታ፣
ከረሜላ መስሏት፣
ቀይ ድብ በላች፣ ቢጫ ድብ በላች፤
አልሰማችም ቢጠሯት፣ ተንጋላ ተኝታ።
ድናለች፤ አዎ ድናለች። እኔ ግን ጣቷን ይዤ
ትንፋሿን ስቆጥር ነጋ፣ እንደ ሐውልት ፈዝዤ።»

ቀይ።

ቀጥሎ ሽማግሌ፤ አርቪድ፣ በዱላ፣
አርባ ዓመት ማዕድን ጭኖ ወገቡ የተበላ።
«ሐኪም ያዘዘው ክኒን ነው፣ ሕጋዊው፣ ማኅተም ያለው፣
ሁለት ባልደረቦቼን በአንድ ክረምት የገደለው።
ይህችን ግን» አለና ኪሱን መታ መታ፣
«ይህችን አጭሼ ነው የምተኛ ማታ።»
ሳቅ ተሰማ ከኋላ። ቢጫ ሳይበራ ተቀመጠ፤
አንድ ደቂቃ ተርፎት ነበር፤ እሱን ለማንም አልሰጠ።

ከዚያ ባለ ክራቫት፣ ትሬንት፣ ከሚኒያፖሊስ።
«ታክስ» አለ፤ «የሥራ ዕድል፤ የትምህርት ቤት ጣሪያ፤»
ቀስቱ ሁሉ ሽቅብ ነው፤ የለውም ማደሪያ።
ቅጠሉን «ምርት» ይለዋል፣ ጭሱን «ተሞክሮ»፤
ሱስ የሚለውን ቃል አለፈው በአጠገቡ ዞሮ።
አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ልክ ቀዩ ጫፍ ላይ ጨረሰ፤
ሰዓት ገንዘቡ የሆነ ሰው፤ አንድ ሰከንድ አላፈሰሰ።

አራተኛው ሌቨርት ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጠራጊ፤
የእነዚህ ሁሉ ወንበሮች ደርዳሪ፣ የእነዚህ ሁሉ በሮች ዘጊ።
ማይኩን ያዘ። አረንጓዴ። ዝም አለ።
«ጫማ ቤቱ በር ላይ...» አለና ደግሞ ዝም አለ።
ሰዓቱ ይወርዳል። ሰው ያስላል።

«ጫማ ቤቱ በር ላይ ነው የያዙኝ። በእጄ የነበረው
የሕፃን ጫማ ነው፣ ለልጄ የገዛሁት፤ በኪሴ የነበረው
ይኸው ነው፣ ይኼ ሰውዬ ‹ምርት› ያለው።
አራት ዓመት ከሁለት ወር።
ስወጣ ጫማው ያው አዲስ ነው፤ ያልተራመደ፤
የልጄ እግር ግን ሄዷል፤ ያለ እኔ መንገድ ለምዶ ነጎደ።
ይከፈት አልልም። አይከፈት አልልም።
ብቻ ሪባን ስትቆርጡ፣ ደጃፉን እኔ አልጠርግም።»

«በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ፣
«ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ...»
ዛሬ ግን ተረቱ ራሱ ነው የጠየቀኝ፦
ገደሉ በሣሩ በኩል ነው ወይስ በሕጉ በኩል?
ስንቱ በሬ ወደቀ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ በመስኩ መካከል?

ደግሞ የዚያች ሕፃን ትንፋሽ ከጆሮዬ አልወጣም።
ትናንት የልጄን ጃኬት ላጥብ ኪሱን ስበረብር
ያገኘሁት ድብ፣ ቢጫ፣ አንድ ብቻ፣
መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ከዚህ መብራት ሥር።
ኪሩቤል ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ገና አልጠየቅሁትም።
ስንት ደቂቃ እንደምሰጠው አላውቅም።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤
አረንጓዴው ግን በርቷል።

ድምፅ መስጠቱ ለመጪው ወር ተላለፈ።
ሰው ወጣ። ሌቨርት ወንበሮቹን አጠፈ።
መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ ደግሞ ከፈትኩ፤
ድቡን በመሐረብ ጠቅልዬ በበረዶው ወጣሁ፤
የመጀመሪያውን ቃል እስከ መኪናው ድረስ ፈለግሁ።