የጉማሬ ደወል

ቁራሌው እንኳ ንቆ ያለፈው፣
ዓይኑ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ጥርሱ የረገፈ ኪቦርድ፣
ከቀበሌ የተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣
ሁሉም ሽምብጥ ገባ፣ ከጋሽ አንማው ዳስ፣
ሆዱ ሊዘረገፍ፣ ሥራው ሊታወስ።

ካቻቢቴውን ለፈንታዬ ሰጧት፤
«ፍቺው፣ አትፍሪ፤ የሞተ ሁለቴ አይሞትም» አሏት።
ካውያው ጨሰ፤ ስታኞው አለቀሰ፤
ጣቷን ፈጃት፤ ጠባችው፤ ቀጠለች።
ከማሽኑ ሆድ ብርሃን የሚያይ ዓይን ነቅላ፣
ከሬዲዮ ጉሮሮ፣ ከሞተር ሳይክል ባትሪ አዛምዳ፣
ከአባቷ አገዳ ዳር፣ ከአንዲት አምፖል ትይዩ ተከለችው፣
ጉማሬ ጨረሩን ሲያቋርጥ ይጮሃል ብላ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ጮኸ!
ሰፈሩ ዱላና ባትሪ ይዞ ተመመ።
ጉማሬ የለም፤
አባቷ ናቸው፣ ጠላ ቤት አምሽተው፣
ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣
በአገዳው መሀል ኮቴያቸውን አጥፍተው ሲመጡ።

ማለዳ እናቷ ከዳሱ ደጃፍ ቆመች፣
የተሰበረ ሬዲዮ ታቅፋ፤
«ለበሩም አንድ ሥሩልኝ።»

ጉማሬው የመጣው በሦስተኛው ሌት ነው።
ደወሉ ትንፍሽ አላለም፤
አገዳው እንደ ታጨደ አደረ።
አባቷ ደወሉን ሲራገሙ፣
ፈንታዬ ጭቃው ላይ ተንበርክካ
ሽቦውን በጣቷ ተከተለች፣ እስከ ዛገው ጫፍ፤
«እዚህ ጋ ነው ዝም ያለው» አለች።