በአውራ ጣቴ የያዝኩት መስመር

ቢቸና ነው ሱቄ፣ ከመናኸሪያ ጀርባ፣
«ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ብሎ የሚያስገባ፤
ኮምፒውተሬ አሮጌ፣ ገመድ አልባ አያውቅም፣
ያለ ገመድ ቢሉት፣ ከማንም አይታረቅም።

ሰኞ ለት ዶዘሩ፣ መንገድ ሊያሰፋ መጥቶ፣
የቴሌውን መስመር፣ ሄደ በጥሶ ጎትቶ።
«ነገ ይቀጠላል» አሉኝ፤ ነገ ሆነ ሐሙስ፣
እኔም ቁጭ አልኩኝ፣ ደንበኛ ስመልስ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ በሬን ልዘጋ ስል፣
አንማው ደረሰ፣ ይዞ እርጥብ ፌስታል።
ጭቃው እስከ ባቱ። ሁለት ሰዓት መንገድ።
ፌስታሉን ሲፈታው፣ ሌላ ፌስታል አለ፣
ትራንስክሪፕቱ ግን፣ ውስጥ ውስጡን ደርቆ ዋለ።

«ለከብት ሕክምና፣ ሥልጠና ወጥቷል፣
ፎርሙ በኢንተርኔት፣ ሌሊት ስድስት ይዘጋል።»
«መስመር የለኝ» አልኩት፣ «ካርዴም አልቋል ከትናንት።»
«እኔ ዘንድ አንድ ጊጋ አለ፣ ገዝቼ የመጣሁት።»

ገባኝ ያን ጊዜ፤ ስልኩ ምንጭ አለው፣
ኮምፒውተሩ ጥም ነው፣ ቦዩን ነው ያጣነው።

የመጀመሪያው ገመድ፣ አዲስ ነው፣ ያማረ፣
ሰካሁት፤ ስልኩ ግን፣ ቻርጅ ብቻ ጀመረ።
«ማጋራት» የሚለው ቃል፣ ደብዝዞ ቀረ።
እንዲህ ያለ ዘመድ፣ አለኝ ባሕር ዳር፣
ብር የሚልክልኝ፣ ቃል የማይናገር።

ሁለተኛውን አወጣሁ፣ ከመሳቢያው ግርጌ፣
አንገቱን በፕላስተር፣ የጠመጠመ አሮጌ።
ወደ ግራ ሲሉት፣ ይተኛል፤ ጸጥ ይላል፣
ወደ ቀኝ በአውራ ጣት፣ ጫን ሲሉት ይሰማል።

ጫንኩት።
«በዩኤስቢ ማጋራት» በራ፤
ኮምፒውተሩም ዐይኑን ገልጦ ዓለምን ተጣራ።

ዓመት ተርቦ ነው መሰል፣ ሲያገኝ ሲሳይ፣
ራሱን ማደስ ጀመረ፣ በሰው ጊጋ ላይ!
«ከጥቅልዎ ግማሹ፣ አለቀ» የሚል መልእክት፣
«ማን በላው?» አለ አንማው፤ በዕቃዬ አፈርኩበት።
በግራ እጄ ማውሱን፣ በቀኜ ገመዱን፣
ይዤ፣ አሳድጄ ዘጋሁት፣ ያን ሆዳም መታደሱን።

«አንተ ጻፍ» አልኩት፣ «እኔ እይዛለሁ።»
ስም። የአያት ስም። ወረዳ። የትውልድ ቀን።
በአንድ ጣቱ ይለቅማል፣ ፊደል እንደ ምስር፣
የእኔም አውራ ጣት፣ ይደነዝዛል ከሥር።
መላክ ጀመረ፤ ሠላሳ፣ አርባ፣ ስድሳ በመቶ፣
ደግሞ ቆመ፣ በሬ እንደሚገታ፣ ዳገት አይቶ።

ያኔ ነው ስልኩ የተንዘፈዘፈ።
«እማ» ይላል።
ገመዱ ሊወልቅ ሲል፣ ስልኩን በሁለት እጄ አቀፍኩት።
«ላንሣው?» አልኩ በዐይኔ።
«ተይው፣ ትጥራ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ደቀቀ።

የማላውቃት ሴት፣
ኔትወርክ ፍለጋ የትኛው ጉብታ ላይ ወጥታ እንደሆነ እንጃ፣
መዳፌ ውስጥ ትጣራለች፣
መዳፌ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤
እኔም ጥብቅ አድርጌ ይዣታለሁ፣
አልመልስላት፣ አልለቃት።

ሁለቴ ደወለች። ሦስቴ።
ከዚያ ተወችው።
ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሦስት።
«ተልኳል።»

ጣቴን ሳነሣው የፕላስተሩ ሽንትር ታትሞበታል።

አንማው ቆርቆሮው ሥር ቆሞ መልሶ ደወለ፣
«እማ፣ ምን ሆንሽ?» እያለ።
ድምፅዋ እስከ ውስጥ ይሰማል፦
«ምንም፣ ልጄ። እዚያም ዘነበ ወይ? ልልህ ነው።»

«ስንት ነው?» አለኝ ሲመለስ።
ተመኑ ግድግዳው ላይ አለ፤ ለገጽ ይሄን ያህል፣ ለስካን ይሄን ያህል፤
ለመያዝ የተጻፈ የለም።
የሦስት ገጽ ወሰድኩ።

መስመሩ ቅዳሜ ተቀጠለ።
አሮጌውን ገመድ አልጣልኩትም፣
ፕላስተር ጨመርኩለት።
ማታ ባሕር ዳር ደወልኩ። አነሣው።
«ምነው? ብሩ አልደረሰሽም?» አለ።
«ደርሷል» አልኩት፤
«እዚያም ዘነበ ወይ?»