ሆድና ጀርባ

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብሱ ፋብሪካ ማዶ፣
ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ የጠዋት ውርጭ ወርዶ፣
ክርኔን ሲሚንቶ ላይ ተክዬ፣ ጣውላ ሆኜ ስወጠር፣
ጥላዬ ሰዓቱን ይዞ ጀመረ መቁጠር።
ጥላዬ ያሉት እናቱ ምን ታይቷቸው ይሆን?
ስወጣም ስወድቅም ከግርጌ የማይጠፋውን።
ከጥምቀት ወዲህ ከቁጥር በቀር ቃል አልተነጋገርንም፤
ግን ገመድ ያሰራቸው ሰዎች ጨርሰው አይኳረፉም።

አንድ ደቂቃ፦ ቀላል ነው፣ የሽሮ ዋጋ አሰላለሁ።
ሁለት ደቂቃ፦ ስሌቱን እረሳለሁ።
ሁለት ከአርባ፦ እምብርቴ ሥር አንድ ነገር ይርዳል፣
ነፋስ እንዳገኘው የስልክ ሽቦ ይርገበገባል፤
ሦስት ሊሞላ ሲል ወለሉ ራሱ ተነሥቶ ይስመኛል።

ይህ የጠዋቱ ነው። ገደል ውዬ በተመለስሁ ማታ
አንድ ከሃምሳ ላይ ደረቴ ከሲሚንቶው ተመታ።
ጥላዬ ሁለቱን ቁጥር ጻፈ፣ ጎን ለጎን በደብተር፣
በመሐላቸው ስላለው ገደል አንድም ሳይናገር።

ሰው የሚያየው ጣቴን ነው። ሻጯ ሽንኩርት ስትመዝን
መዳፌን ገልጣ «ድንጋይ ትፈልጫለሽ?» አለችኝ፣ በማዘን።
ክንድ ይወደሳል፣ ጣትም ይነሣል ስሙ፤
ሰው ከሆዱ ጀምሮ እንደሚፈታ ማን ነገረው ለዓለሙ?
ሆድን እኛ የምናውቀው በሌላ ሥራው ነው፤
ቂም ሲቋጥር፣ ሲባባ፣ «ሆድ ይፍጀው» ስንለው።
እጅን ከእግር የሚያስማማ ሽማግሌ መሆኑን
ያወቅሁት ጣርማ በር ነው፣ ገደሉ ሲያዘነብልብኝ ፊቱን።

ጉሙ ከደብረ ሲና ቁልቁለት እየተጎተተ ሲወጣ፣
የጭነት መኪና ፍሬን ሲያቃስት፣ ከዋሻው ሊመጣ፣
ጥላዬ ገመዱን ወገቡ ላይ ሲቆልፍ፣
እኔ የጠመኔ ዱቄት ከመዳፌ ሳራግፍ፣
ከላይ፣ ከጠርዙ፣ አንዲት ጭላዳ ልጇን አዝላ
ትታዘበናለች፣ ሣር እየነጨች፣ ተደላድላ።
ለእሷ መንገድ ነው ይሄ፣ የማታ መግቢያ ቤቷ፤
ሰዓት የያዘባት የለም፣ በሕይወቷ።

እስከ ስድስተኛው ቀለበት ድረስ እጄ እንደ ልቡ ነበር።
ሰባተኛው ላይ ዓለቱ ጎበጠ፣ ሊገሥጸኝ እንደሚሻ መምህር።
እግሬ ከጠርዝ፣ ጣቴ ከስንጥቅ፣ መሐሌ ግን አየር፤
ወገቤ ብቻ ቀረ ሁለቱን የሚያነጋግር።
ስምንተኛው ሩቅ አልነበረም፦ አንድ ክንድ ከስንዝር።

ያኔ መጣች፣ ያቺ የሲሚንቶ ወለል እንግዳ፣
ከእምብርት ሥር የምትርገበገብ ዕዳ።
«እምብርትሽን ወደ አከርካሪሽ ሳቢ» ብሎኝ ነበር፣ ሳንጣላ፤
አሁን የሚሳሳብ የለም፤ ሁለቱም ዞረዋል ወደ ሌላ።
ዳሌዬ ሊጥ ሆነ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ፤
ዳሌ ሲሰምጥ እግር ከጠርዙ አመለጠ፤
ጣቴ ብቻውን ቀረ፣ የሁሉን ሸክም ወስዶ ተላጠ።

ወደቅሁ።

ወሬው ይህን ያህል ነው፦ ሁለት ሜትር ተኩል ገመድ፣
ጉልበቴ ላይ የቀረ የድንጋይ ዐመድ፣
ከታች የጥላዬ «ያዝኩሽ!»፣ ከላይ የጭላዳዋ ዝምታ፣
እኔም መሐል ላይ፣ እንደ ሚዛን ሳህን፣ ስወዛወዝ ላፍታ።

«እግርሽ ነው የከዳሽ» አለኝ። አይደለም፤
እግር መልእክተኛ ነው፣ በደል የለበትም።
«ሆድና ጀርባ ሆነው ነው» ስለው፣ እየተንጠለጠልሁ፣
ዝም አለ፤ ስለ እኔና ስለ እሱ መስሎት። እኔም ዝም አልሁ።

ጉሙ ደርሶ ጥላዬን ከእግሩ እስከ አናቱ ዋጠው፤
ከጉም የወጣው ገመድ ብቻ ወገቤን ሳብ አደረገው።
ትንፋሼን ከደረቴ አውርጄ ከእምብርቴ ሥር አስቀመጥሁ፤
የሚርደውን ጅማት፣ እንደ ሕፃን፣ በመዳፌ አባበልሁ።
ጭላዳዋ ልጇን አዝላ በአጠገቤ ወረደች፤
ስምንተኛውን ቀለበት ረግጣ፣ ሳታየው አለፈች።

«ቁጠር» አልሁት ወደ ታች። ገመዱ ጠበቀ፣ አልላላ አለ፤
ከጉሙ ውስጥ፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
«አንድ» አለ።