ጣሳ

ሐምሌ ሊያልቅ ማታ፣ በፍልሰታ ዋዜማ፣
ብቸና ተኝታ በጉም በጨለማ፣
አንዲት ሴት መጣችኝ ነጠላዋ ርሶ፣
እግሯ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሶ።

ስሟን አልጠራውም፤ ንስሐ ነውና።
ጌሾ ሻጭ እንደሆን ሞልቷል በብቸና።

«አባቴ» አለችኝ «ይፍቱኝ በድያለሁ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እሰርቃለሁ።
የጣሳዬን ቂጥ በድንጋይ መትቼ
ወደ ውስጥ አስገባሁ ሌሊት ተነስቼ።
አፉ ድረስ ሙሉ ነው ለሚያየው ከላይ፣
እታች ግን አንድ እፍኝ ይጎድላል፣ ሳይታይ።»

እኔም እንደ ልማድ፣ ድምፄን አለስልሼ፣
ቀኖና አዘዝኋት መስቀሌን ዳብሼ፦
«አርባ ስግደት በቀን፣ ፍልሰታን በሙሉ፤
የወሰድሽውንም መልሺ ለሁሉ።»

«ለማን ልመልሰው?» አለች ቀና ብላ፣
«ፊቱን የማስታውሰው ማን አለ በሞላ?
ከደብረ ወርቅ መጥቶ፣ ከየትኖራ መጥቶ፣
ስንቱ ሄዷል አባ፣ ጎዶሎ ሸምቶ!»

«ለቤተ ክርስቲያን ስጪው» አልኋት ቶሎ፣
«ሙዳየ ምጽዋቱ ያውቃል የሁሉን ጎዶሎ።»

ከመቀነቷ ፈታች አንድ ቋጠሮ ጨርቅ፤
ስትወጣ ሰማሁት፣ ሳንቲሙ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ።

ያ ሳጥን ሦስት ቁልፍ አለው።
አንዱ ከገበዙ፣
አንዱ ከገንዘብ ያዡ፣
አንዱ ከእኔ ኪስ ነው።
ገበዙ ዓይኑ ፈዝዟል፤ ያዡ የወንድሜ ልጅ ነው፤
ሦስት ቁልፍ የምንለው፣ ቢቆጥሩት አንድ እጅ ነው።

ለጣሪያው ቆርቆሮ ሕዝብ ካዋጣው ላይ
ለልጄ የባጃጅ ቀብድ አነሣሁ፣ አምና ግንቦት ላይ።
«ብድር» ነው ያልሁት እኔ፣ ስሙን አሳምሬ፤
አበዳሪው አልሰማም ማበደሩን እስከ ዛሬ።
ልጄ በመስተዋቱ «ተመስገን» ብሎ ጽፏል፤
ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ፣ ጥሩንባው ግን ይጮኻል።

ጣሪያው ያንጠባጥባል። ከቅኔ ማኅሌቱ በስተቀኝ
ባልዲ ተቀምጧል፤ «ክረምት ነው» እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ።
ያን ሌሊት ብቻዬን ቆሜ ጠብታውን ስሰማ፣
ጠብ ሲል፣ ጣሳ ይመታል፣ ያለ ሰው፣ በጨለማ።

እኔስ ሙሉ አይደለሁም ለሚያየኝ ከላይ?
ካባው፣ ጥምጥሙ፣ መስቀሉ ከደረቴ ላይ፤
ስለ ይሁዳ ከረጢት ስሰብክ ሕዝቡ ያለቅሳል፤
እታች ያለችውን እፍኝ
ማን አጎንብሶ ያያል?

አባ ዘወንጌል ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤
ሌላ ነፍስ አባት ሳልይዝ አለፈ ሙት ዓመታቸው።
አርባ ቤት የማናዝዝ፣ ራሴ የማልናዘዝ፣
እንዲያው በሰው ጉልበት ስግደት የማዝዝ።
«ማን ይመጥነኛል?» አልሁ፣ ጎንጅ ላይ ቅኔ የዘረፍሁ እኔ፤
አሁን ሳየው ግን፣ ዘረፋው መች አበቃ በቅኔ!

ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ። ታች ሰፈር ወረድሁ።
የቄስ ይትባረክን በር ሁለት ጊዜ መታሁ።
ዳዊት ያስደገምሁት ነው፣ በአለንጋ፣ በኩርኩም፤
ቅስና ተቀብሎም ፊቴ ቀና ብሎ አይቆምም።

«ምነው አባ፣ ሰው ሞተ?» አለኝ ጋቢውን ደርቦ።
መልስ አልነበረኝም።
ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መድረኩ ላይ አኖርሁት፤
ጉልበቴ ግን እንቢ አለኝ፣
እንደ ዛገ ማጠፊያ፣
ሰው ፊት መታጠፍ ረስቶ፤
በግድ፣ በእጄ ተጭኜ፣ ጭቃው ላይ አወረድሁት።

ደንግጦ ክንዴን ያዘ፣ ሊያነሣኝ ታገለ።
«ተወኝ» አልሁት።
«መስቀልህን አምጣ።
ከላይ አትየኝ። ገልብጠኝና
ቂጡን እየው።»

ዝም አለ። ገባ። መስቀሉን ይዞ ተመለሰ፤
እጁ ይንቀጠቀጣል።
ዕድሜ ልኩን «አንተ» ያልሁትን ልጅ
«ይፍቱኝ፣ አባቴ» አልሁት።

ዝናቡ አላባራም።
ከላይ፣ ከአስፋልቱ፣
የአንድ ባጃጅ ጥሩንባ ይጮኻል።